ሳይባልጉ መሳደብ ይቻላል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ላይ «ስድብም እኮ ሙያ ነው» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር፣ እሷ ይሄን ሁሉ ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ትጠራለች ብዬ አልጠበቅኩም። ከመጣው ውስጥ ጥቂት የማይባለው «አንተ ባለጌ» ብሎ የሚጀምር ነው፣ እሱን ለጊዜው እንዝለለው። የቀረው ግን የምር ጥያቄ ነው፣ ቦታ እስከፈቀደልኝ ድረስ እየመረጥኩ ልመልስ።

ቢሮ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ አለ። እኔ አምሽቼ የሰራሁትን ሪፖርት ሚቲንግ ላይ «ያዘጋጀሁት» እያለ ያቀርበዋል። ባለፈው ደሜ ፈላና ሰው ሁሉ ፊት «ደደብ!» አልኩት። ከዛ በኋላ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ፣ ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ። ምን ብለው ነበር የሚሻለው? (የሒሳብ ሰራተኛ፣ ከቦሌ)

እህቴ፣ «ደደብ» ስትይ ስራውን ሁሉ አንቺ ሰራሽለት። የጮህሽው አንቺ፣ ፊትሽ የቀላው አንቺ፣ ሰው የሰማው ያንቺን አፍ። እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ተበዳይ ሆነ፣ ምንም ሳይለፋ። ደግሞ ልጁ ደደብ አይደለም እኮ፣ ደደብ ቢሆን ጥሩውን ሪፖርት መርጦ አይወስድም ነበር፣ ስለዚህ ስድብሽ ጭራሽ ሌላ ሰው ነው የመታው። ጥሩ ስድብ ልፋቱን ለተሰዳቢው ነው የሚተወው። አንቺ በትህትና ተናግረሽ ትቀመጫለሽ፣ እሱ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ስኳሩን እያማሰለ እያለ ድንገት ይገባዋል፣ ከገባው በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ «ሰድባኛለች» ቢል ምን ብላህ ሲሉት ምን ሊመልስ ነው?

እና ምን ልበል ካልሽ፣ አማርኛ ላይ የሚያክለው የሌለ መሳሪያ አለ፣ አንቱታ ነው። ከነገ ጀምሮ ያን አንተ የምትይውን ልጅ «እርስዎ» በይው። ምንም ሌላ ነገር አትጨምሪ። ሚቲንግ ላይ ተራው ሲደርስ እጅሽን አውጪና፣ «እንደው እርስዎ ስላዘጋጁት፣ ሶስተኛው ገጽ ላይ ያለው ድምር ከየት እንደመጣ ቢያስረዱን» በይ፣ ፈገግ እያልሽ። ከየት እንደመጣ አያውቀውም፣ አልሰራውማ። ሰው በሙሉ ያየዋል፣ አንቺ ግን ያደረግሽው ነገር ቢኖር አክብረሽ መጠየቅ ነው። እኩያን አንቱ ማለት በረዶ ደረት ላይ እንደማስቀመጥ ነው፣ ስድብ ነው ብሎ የሚከስሽ የለም፣ አክብሮት ነው ብሎ የሚያምንሽም የለም።

በግልባጩም ይሰራል፣ ግን አልመክርም። ታክሲ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ጠቡ የሚጀምረው በመልስ ነው፣ በአምስት ብር ምናምን፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ብሩ ይረሳና «አንተ አትበለኝ! ማነኝ ብለህ ነው አንተ የምትለኝ!» ይሆናል። ሰውዬው ብሩን ይቅር ሊል ይችላል፣ አንተ መባሉን ግን ቤቱ ይዞት ይገባል። ወንድን አንቺ ማለትማ ከልብ ጓደኛ ውጭ ከሆነ ቡጢ ነው።

ድሮ ሰው ሲሳደብ እንኳን ያምርበት ነበር ይባላል። እውነት ነው ወይስ የሽማግሌ ወሬ? (መምህር፣ ከደብረ ታቦር)

አብዛኛው የሽማግሌ ወሬ ነው መምህር። ድሮም ሰው ወንዝ ላይ በውሃ ተራ ሲጣላ «ንፍጣም፣ ቆማጣ» እየተባባለ ነው የተጣላው፣ ለልጅ ልጅ የቀረው ግን የተመረጠው ብቻ ስለሆነ ድሮ ሁሉም ባለ ቅኔ ይመስለናል። ሆኖም ከቀረው ውስጥ እንቁ አለ፣ ለእርስዎ ደግሞ የሰፈርዎ ነገር ነው። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው አይደሉ። (በነገራችን ላይ ሰው ቀልዳቸውን ብቻ ይዞ ሊቅነታቸውን ይረሳል፣ በልጃቸው ስም የሚጠራው የቤተክርስቲያን ዝማሜ፣ የተክሌ አቋቋም፣ የሳቸው ስራ ነው፣ ደግሞ በስማቸው ከሚወራው ቀልድ ስንቱ የሳቸው እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው።)

አንዱን ላንሳ፣ ያውቁታል፣ ግን እንበታትነው። አለቃ ሰው ቤት ምሳ ተጠሩ ይባላል። ሴትዮዋ መሶቡን ስትከፍት አይጥ ዘላ ወጣች። እሷ አለቃ ያላዩ መስሏት እንጀራውን አቀረበችና እንደ ወጉ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አለቃ፣ እንጀራው ዛሬ አልወጣልኝም» አለች። እሳቸውም «ኧረ ተይ እመቤት፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይውጣልሽ፣ አይጥ እንኳ ወጣልሽ» አሏት።

እዚህ ጋ ስድብ የሚባል ቃል ፈልገው አያገኙም። ቆሻሻ አላሏት፣ ቤትሽ ዝርክርክ ነው አላሏት። «አልወጣልኝም» ያለችው ራሷ ናት፣ እሳቸው ያቺኑ ቃል አንስተው መለሱላት። እንግዳ ሲመጣ እንጀራው ያማረ እንኳን ቢሆን «አልወጣልኝም» ማለት ወግ ነው፣ እንግዳውም «ኧረ ወጥቷል» ይላል፣ እሱም ወግ ነው። አለቃ ሁለቱንም ወግ አንዲት ሳያጎድሉ አድርሰዋል። ለዚህ ነው ሴትዮዋ መቆጣት የማትችለው፣ ብትቆጣ «አይጥ አለ» ብላ ማመኗ ነው። የሚያምር ስድብ ሲሰራ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፣ ዕቃው ከተሰዳቢው ቤት ነው የሚመጣው፣ ከውጭ የተገዛ ነገር የለውም።

እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። የሚስቴ ዘመዶች በተሰበሰቡ ቁጥር አንዱ አጎቷ «የጠላ ሻጭ ልጅ ሁሉን ይችላል» ምናምን እያለ ይወጋኛል፣ ሌላው ይስቃል። በአግቦ ስለሚናገር መጣላት አልቻልኩም። (ባለትዳር፣ ከባህር ዳር)

ወንድሜ፣ ይሄ ስድብ አዲስ እንዳይመስልህ፣ ካንተ በፊት ንጉሥ ተሰድቦበታል። ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ፣ እናቱ ተቸግራ ኮሶ ሸጣ አሳደገችው ይባል ስለነበር መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበር የሚሉት። በ1847 ዓ.ም. ከመንገሱ ጥቂት ዓመታት በፊት የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ጦር ላከችበት፣ የጦሩ አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ ደግሞ ፎከረ፣ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤው እመጣለሁ ብሎ። ሄደ፣ ተሸነፈ፣ ተማረከ። ካሳ አልሰደበውም። ኮሶ አስጠጣው። እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ አልተሸጠላትም፣ ቤት ውስጥ ያለው ይሄው ነው፣ ምግብ ስላጣሁ ይቅርታ፣ አይነት ነገር ብሎ ነው ይባላል ያቀረበለት። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ያ ምሬት፣ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚሰራው ስራ።

እኔ በዚህ ታሪክ ላይ የምወደው ካሳ «እናቴ ኮሶ አልሸጠችም» አለማለቱን ነው። ብሎ ቢሆን ኖሮ ኮሶ መሸጥ ነውር ነው ብሎ ከሰውዬው ጋር ተስማማ ማለት ነው። እሱ ግን ስድቡን ተቀበለው፣ የራሱ አደረገው፣ ከዛ መልሶ በጽዋ ቀዳለት።

ያንተ ደግሞ ከሱ በጣም የቀለለ ነው፣ ማንንም መማረክ አይጠበቅብህም። አጎትየው ነገሩን ሲጀምር አንገትህን አትድፋ፣ የቀረበውን ጠላ ቀመስ አድርግና፣ «እውነት ነው ጋሼ፣ እናቴ ብትኖር ኖሮ ይሄን አታቀርብልዎትም ነበር፣ ለከብት ነበር የምትሰጠው» በለው። «ጋሼ» የምትለዋን ቃል እንዳትረሳ፣ ክብሯ ከጎደለች ነገሩ ተበላሸ። እናትህ በህይወት ካለች ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው፣ ለሚቀጥለው ድግስ አንድ ጋን ይዘህ ሂድና ለሱ መጀመሪያ ቅዳለት።

ፊት ለፊቴ ዘጭ ብሎ ለሚገባ ሾፌር ምን ልበል? ክላክስ ሰልችቶኛል። (የራይድ ሹፌር፣ አዲስ አበባ)

መስታወት ዝቅ፣ ፈገግታ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም ለማጅ ነበርን»። ከዛ መስታወት ከፍ።

የ15 ዓመት ልጄ በየአረፍተ ነገሩ የእንግሊዝኛውን የኤፍ ቃል ይጠቀማል፣ አያቱ ፊት ሳይቀር። እሷ ስለማይገባት «ምን አለ?» ስትለኝ «አመሰግናለሁ እያለሽ ነው» እላታለሁ። እንዴት ላስተወው? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መጀመሪያ እማማን ከማታለል ይታቀቡ፣ የሆነ ቀን ቤተክርስቲያን ሄደው ቄሱን በዛ ቃል «ያመሰግኗቸዋል»።

ልጁን በተመለከተ ግን፣ ያ ቃል ለሱ ስድብ አይደለም፣ ኮማ ነው፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ነው። ለዚህም ነው የማያምረው፣ ማንንም አይነካም፣ ምንም አይናገርም። አትሳደብ ከሚሉት ይልቅ አሳምረህ ተሳደብ ቢሉት ይሻላል፣ በዛውም አማርኛ ይማርልዎታል። የኛ ስድብ ከሰውነት ክፍል ይልቅ ጠባይ ላይ ሲያነጣጥር ነው ጥሩ የሚሆነው፣ ለእያንዳንዱ ጠባይ ደግሞ ልክክ ያለ ስም አለው። ትንሽ አንብቦ ሁሉን አወቅኩ የሚለው ጥራዝ ነጠቅ ነው። ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ የሚወጋው አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ። ቃሉን የማይጠብቀው ወስላታ፣ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያጎነብሰው አድርባይ፣ እየዋሸ የሚጎርረው ቀልማዳ። ከነዚህ አንዱን በትክክለኛው ሰው ላይ ለመጠቀም ሰውዬውን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፣ ያ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ዓይን ጨፍኖም ይባላል።

ክፍል ውስጥ አዲስ ገብቶ ሁሉን ላዝዝ የሚል ልጅ ካስቸገረው ደግሞ «ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ያስተምሩት። ተርጉሞ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሳምንት ይፈጅበታል፣ እስከዛ ቤቱ ሰላም ነው። አያቱን ግን አስተማሪ ያድርጉለት፣ በስድብ ከሳቸው የሚበልጥ ፕሮፌሰር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አያገኙም።

እናቴ ተቆጥታ «የእጅህን ይስጥህ» አለችኝ። ምርቃት ነው እርግማን? (ከሀዋሳ)

እጅህ ምን እንደሰራ ነው የሚወሰነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ለኔ ከመጻፍህ በፊት ግን መልሱን አውቀኸው ነበር መሰለኝ።

ጥያቄህ አጭር ቢሆንም ነገሩ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። በስድብና በእርግማን መሃል ያለው ልዩነት ስድብ ሰዳቢው ራሱ የሚሰራው መሆኑ ነው፣ እርግማን ግን ለሌላ ይሰጣል። መብረቅ ይምታህ፣ ጅብ ይብላህ፣ ውሃ ይውሰድህ፣ ገደል ይግባህ እንኳን አይባልም፣ ገደል ግባ ነው፣ ራስህ ሂድ። ተራጋሚው እጁን አያቆሽሽም። ከነዚህ ሁሉ ግን ለኔ የሚያስፈራው መብረቅም ጅብም የሌለበት ነው፣ «እግዜር ይይልህ»። ምን አለችኝ ትላለህ? እግዜር ይየው ነው ያለችው። ይሄ ነገር ሌሊት ያስነሳል። «ልብ ይስጥህ»ም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ጸሎት ነው፣ ውስጡ ግን አሁን ልብ የለህም የሚል አለ።

ደግሞ የሚገርመኝ እርግማኑን ገልብጠን ራሳችን ላይ አዙረን መስተንግዶ ማድረጋችን ነው። ለጠላት «አፈር ብላ» እንላለን፣ ለእንግዳ ግን «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ብለን ጉርሻ ይዘን እንቆማለን። «እኔ ልሙት፣ ሳትበላማ አትሄድም»። ሞትና አፈር ሁለቱም ጋ አሉ፣ አቅጣጫው ብቻ ነው የተለየው። መሐላችንም እንዲሁ ነው፣ በንጉሡ ጊዜ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ያለ ሰው ቃሉ እንደ ፊርማ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ «እናቴ ትሙት»፣ «ማርያምን»፣ አዲስ አበባ ውስጥማ ክርስቲያኑም ሳይቀር «ወላሂ» ይላል። የእናቱን ነፍስ ሃያ ብር ለመበደር የሚያሲዝ ጎረምሳ ግን ይገርመኛል፣ እናትየዋ ብትሰማ የእጅህን ይስጥህ ባይ ናት።

ጎረቤቴን በአጥር ጉዳይ ተጣልተን «ባለጌ፣ ሌባ» አልኩት። ፍርድ ቤት እከስሃለሁ ብሏል። ይችላል? (ከአዳማ)

ይችላል። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ስድብና ማዋረድን የሚመለከት ነው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ካቀረበ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር መቀጮ አለው። 300 ብር ዛሬ አንድ ክትፎ አያስበላም ብለህ እንዳትደፋፈር፣ እስራቱም አለ። «ባለጌ» ያልከው ስድብ ነው፣ «ሌባ» ግን ሰረቀ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ወደ ስም ማጥፋት ሊሄድብህ ይችላል፣ እሱ ከበድ ያለ ነው። ሽማግሌ ላክ፣ አጥሩን ለኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፣ ከመጡልኝ መልእክቶች ውስጥ «ለእንትን ብሔር ሰዎች የሚሆን አሪፍ ስድብ» የሚሉ ነበሩ። አላትምም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፣ የጥላቻ ንግግር ወንጀል ነው፣ ግን አዋጁ ባይኖርም አላትምም ነበር። ሰውዬው ዘሩን አልመረጠም፣ ቁመቱንም አልመረጠም፣ ያልሰራውን ነገር መስደብ ለሰነፍ ነው። ስንት የሰራው ነገር እያለ!

የእህቴ ባል ጥሩ ሰው ነው፣ ይጫወታል፣ ይጋብዛል ልል ነበር፣ አይጋብዝም። ሂሳብ ሲመጣ ሁሌ ስልክ ይደወልለታል፣ ሊያናግር ይወጣል፣ ሲመለስ ተከፍሏል። ቅዳሜ ተሰብስበን አዝማሪ ቤት ልንሄድ ነው። አንዲት ነገር ስጠኝ። (ወንድም፣ ከአዲስ አበባ)

ቦታውን በደንብ መርጠሃል፣ እንደ አዝማሪ ቤት ለዚህ ስራ የተመቸ ቦታ የለም። ለማታውቁት፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲመጣ እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ደግሞ ያንኑ አሳምሮ ያዜመዋል። ስለዚህ ነገሩ ያንተ ነው፣ አፉ የአዝማሪው ነው፣ ሳቁ የቤቱ ነው። ተሰዳቢው ቢቆጣ ማን ላይ ይቆጣ? ዜማ ላይ? ከሳቀ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ ብዙ ጊዜ ይስቃል፣ መሳቅ ግድ ነው፣ አለመሳቅ ራስን ማጋለጥ ነው።

ግን ልኩን ማወቅ አለብህ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ከባድ መሳሪያም አለ። ለምሳሌ አንድ አራጣ አበዳሪ፣ የስንቱን ቤት የዘጋ፣ በሰንበት ድግስ ደግሶ ሰፈሩን ቢጠራ እኔ የምለው እንዲህ ነው፣

ደግሶ ቢጠራን ጋሼ በሰንበቱ፣
ሰው በላ እያልን ወጣን ሁላችን ከቤቱ።

ሰሙ ምስጋና ነው፣ ተጋበዝን፣ ሰው ሁሉ በላ። ወርቁን እሱ ይፈልገው። ይሄ ለአራጣ አበዳሪ ነው፣ ለእህትህ ባል አይሆንም፣ ሂሳብ የሚሸሽን ሰው ሰው በላ ካልከው እህትህ ታኮርፍሃለች፣ ትክክልም ናት። ለሱ ቀለል ያለች፣ የማታደማ፣ ግን ሁለተኛ ስልክ ሲያነሳ ጆሮው ላይ የምታቃጭል ነገር ነው የሚያስፈልገው። ይቺን ሞክራት፣

ንፉግ ነው አትበሉት ይሄን ደጉን ሰው፣
ሂሳብ ሲመጣማ ወጪው እሱ ነው።

ቶሎ ሲዜም ጆሮ «ወጪው የሱ ነው» ብሎ ነው የሚሰማው፣ ከፋዩ እሱ ነው፣ ጨዋ ነው ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ነው በር ከፍቶ የሚወጣው ማን እንደሆነ ትዝ የሚላችሁ። አዝማሪውን ቀደም ብለህ አናግረው፣ «ወጪው» ላይ ትንሽ እንዲቆይባት። እና ሰዓቱን እወቅ፣ ሂሳቡ ከመጣ በኋላ ከሆነ አማችህ ውጭ ነው፣ አይሰማትም። መጠጡ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ እያለ ተቀበል በል። የአዝማሪው ግንባር ላይ የምትለጠፈውን መቶ ብር ግን አንተው አዘጋጅ፣ በሱ እንዳትተማመን።